ፖል ሞርፊና የማጥቃት ሥርዐት፤ በወጣትነት ጨዋታዎቹ ላይ የቀረበ አጭር ሐተታ

በልጅነታቸው ስማቸው ከገነነ የቼዝ ተጫዋቾች መካከል እንደ አሜሪካዊው ፖል ሞርፊ የተወደሱት ጥቂቶች ናቸው። ውዳሴው ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ አንድ መልክ ብቻ ይዞ ቀርቷል። ሞርፊ እሳት ነበረ፤ ደፋር ነበረ፤ ንግሥቱን እንደ ተራ ወታደር የሚሠዋ፣ ባላጋራውን ሳያስበው የሚደመስስ ነበረ ይባላል። የጨዋታ መጻሕፍትም ይህንኑ አስተያየት ያጠናክሩታል። ጠጠሩን የሠዋበትን ተራ በቃለ አጋኖ ምልክት አስጊጠው ያሳያሉ፤ ከዚያ በፊት ያሉትን ዐሥርና ዐሥራ አምስት ተራዎች ግን አንዳች ቃል ሳይናገሩ ያልፏቸዋል።

የዚህ ሐተታ ዐላማ ይህ ውዳሴ ትክክለኛ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መመርመር ነው። ጥያቄው የአንድን ሰው ዝና ብቻ የሚነካ አይደለም። የሞርፊን ጨዋታ የሚያነብ ወጣት ድፍረትን ከተማረበት ነገ በገበታው ፊት ሲቀመጥ ጠጠሩን በከንቱ ይሠዋል፤ ሲሸነፍም «እኔ ሞርፊ አይደለሁም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሥርዐትን ከተማረበት ግን ተሰጥዎው ትንሽም ቢሆን የሚያተርፈው ነገር ያገኛል። እንግዲህ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ልጅ ያጠቃ የነበረው በምን ኀይል ነው የሚለው ነው።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን ለአንባቢ እናስታውቃለን። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። የገበታውንም ጠጠሮች ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስ፣ ፈረስና ወታደር እያልን እንጠራቸዋለን። «ተራ» ስንል አንድ ተጫዋች አንድ ጊዜ ጠጠር የሚያንቀሳቅስበትን ዕድል ማለታችን ነው። ይህ የመጨረሻው ቃል የሐተታችን ዋና ቍልፍ ስለ ሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል።

ሞርፊ በ1837 ዓ.ም. በሉዊዚያና ግዛት በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ። አባቱ በግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ አጎቱም ኧርነስት ሞርፊ በከተማው የታወቁ የቼዝ ተጫዋች ነበሩ። በ1850 ዓ.ም. ዮሐን ሎቨንታል የተባለው የሀንጋሪ ሊቅ ከአገሩ ተሰድዶ አሜሪካን ሲዞር ወደ ኒው ኦርሊንስ በመጣ ጊዜ ልጁ ገና 12 ዓመቱ ነበረ፤ ሎቨንታል ግን ከዚህ ልጅ ጋር ባደረጋቸው ጨዋታዎች አንዱን እንኳ ማሸነፍ አልቻለም። ከዚህ በኋላ ሞርፊ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። በ1857 ዓ.ም. በሕግ ትምህርት ተመረቀ፤ ነገር ግን ዕድሜው ገና 20 ስላልሞላ ለጥብቅና ሥራ ልጅ ነህ ተባለ። በዚያው ዓመት መከር በኒው ዮርክ በተደረገው የመጀመሪያው የአሜሪካ የቼዝ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ አንደኛ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ሎቨንታልን፣ ሀርቪትስንና አንደርሰንን በየተራ ድል አደረገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዕድሜው ከ21 ዓመት አላለፈም።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ ይልቅ የታወቀው በ1858 ዓ.ም. በፓሪስ የኦፔራ ቤት ውስጥ የብራውንሽቫይግ መስፍንና ኮንት ኢዙዋር እየተመካከሩ በአንድነት የተጫወቱት ነው። ሞርፊ በነጭ፣ ሁለቱ መኳንንት በጥቁር ተጫወቱ። ጨዋታው በ17 ተራ አልቋል። በ16ኛው ተራ ሞርፊ ንግሥቱን ሠዋ፤ በ17ኛው ግንቡ ወርዶ ንጉሡን ገደለ። አድናቂዎች የሚያነሡት ይህን 16ኛውን ተራ ነው። እኛ ግን ሌሎች ሁለት ተራዎችን እንዲመለከቱ አንባብያንን እንጋብዛለን።

አንደኛው 8ኛው ተራ ነው። በዚያ ጊዜ የሞርፊ ንግሥት ከጥቁሮቹ ወታደሮች አንዱን በነጻ መብላት ትችል ነበር። ቢበላው ኖሮ ጥቁሮቹ ንግሥቶቹን ለማለዋወጥ ያስገድዱታል፤ እርሱም በአንድ ወታደር ብልጫ ረጅምና የተረጋጋ ጨዋታ ይዞ ይቀራል። ስስታም ቢሆን ይበላው ነበር፤ ዝናውን ብቻ የሚፈልግ ችኩል ቢሆን ደግሞ ወዲያው አንድ ነገር ይሠዋ ነበር። ሞርፊ ግን ሁለቱንም አላደረገም። ያልተነሣውን ፈረሱን አንሥቶ ወደ ሜዳው አስገባው። ይህ ተራ ለዐይን ምንም አያስደንቅም፤ ነገር ግን ጨዋታው የተወሰነው በዚህ ዐይነት ተራ ነው። ጥቁሮቹ እስከዚያ ድረስ አንዱን ጳጳሳቸውን አውጥተው በሁለተኛው ተራው ከፈረስ ጋር ስለ ለወጡት የደከሙበት ሥራ ከገበታው ጠፍቷል፤ የነጩ ንግሥት ግን ያንኑ ጳጳስ በመብላት ወደ ሜዳ ወጥታለች። ንግሥታቸውንም ከንጉሡ ፊት ስላቆሙት የሁለተኛው ጳጳሳቸው በር በገዛ ጠጠራቸው ተዘጋ።

ሁለተኛው 14ኛው ተራ ነው። ከዚህ ቀደም ሞርፊ በ10ኛው ተራ ፈረሱን በሁለት ወታደር ለውጧል፤ በ12ኛው ንጉሡን ከግንብ ጋር አዛውሮ በአንድ ተራ ንጉሡን አስጠልሎ ግንቡንም ወደ ክፍቱ መሥመር አስገብቷል፤ በ13ኛው ያንኑ ግንብ ሠውቷል። እንግዲህ በ14ኛው ተራ ምን አደረገ? ከጠጠሮቹ ሁሉ እስካሁን ከቤቱ ያልወጣው አንድ ግንብ ብቻ ነበር። እርሱን አንሥቶ ወደዚያው መሥመር አመጣው። በዚህ ጊዜ ሥራ የፈታ የነጭ ጠጠር አንድም አልቀረም። በጥቁሮቹ በኩል ግን አንዱ ጳጳስና አንዱ ግንብ ከተቀመጡበት ቤት ፈቀቅ አላሉም፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስም አላሉም። ሞርፊ በመጨረሻ የቀረው አንድ ግንብና አንድ ጳጳስ ነበር፤ ባላጋራዎቹ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስና ፈረስ ይዘው ሳሉ ንጉሣቸው ሞተ። በቍጥር እነርሱ ባለጸጎች ነበሩ፤ በሥራ ላይ ባለው ኀይል ግን ድሆች ነበሩ። ስለዚህ የ16ኛው ተራ መሥዋዕት በ14ኛው ተራ የተፈረመ ውል አፈጻጸም ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መታመን አለበት። መስፍኑና ኮንቱ ታላላቅ ተጫዋቾች አልነበሩም። በእነርሱ ላይ በተገኘ ድል ብቻ የአንድን ሰው ስልት መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ስለዚህ ምስክርነቱን ከጠንካራ ባላጋራ ጋር ከተደረገ ጨዋታ መፈለግ ይገባል። ይህም በኅዳር 1857 ዓ.ም. በኒው ዮርኩ ጉባኤ ፍጻሜ ከሉዊ ፖልሰን ጋር የተደረገው 6ኛው ጨዋታ ነው። ፖልሰን ከጉባኤው ተጫዋቾች ሁሉ ከሞርፊ ቀጥሎ የሚቈጠር ብርቱ ሰው ነበር። በዚህ ጨዋታ ፖልሰን ነጭ፣ ሞርፊ ጥቁር ነው።

በዚህም ጨዋታ የሚወደሰው ሞርፊ ንግሥቱን በጳጳስ የለወጠበት 17ኛው ተራ ነው። አሁንም ወደ ኋላ እንመለስ። በ12ኛው ተራ ሞርፊ ንግሥቱን ወደ ነጩ አገር አስገብቶ ከነጩ የመካከል ወታደር ፊት ለፊት አቆማት። ንግሥቲቱ እዚያ ቆማ የሠራችው ሥራ እንደ በር ጠባቂ ነው። ወታደሩ መነቃነቅ አልቻለም፤ ከወታደሩ ኋላ ያለው የነጩ ጳጳስም በዚያ በኩል መውጫ አጣ። ከዚህ በኋላ ፖልሰን ታፍነው የቀሩትን ጠጠሮች በጎን ለማውጣት የዳር ወታደሮቹን መግፋት ጀመረ፤ በዚህም ብዙ ተራ አለፈበት። ሞርፊ በ15ኛው ተራ የቀረውን ጳጳሱን፣ በ16ኛው የቀረውን ግንቡን አወጣ። በ17ኛው ፖልሰን ንግሥቶቹ እንዲለዋወጡ በጠየቀ ጊዜ ሞርፊ መልሱን በመሥዋዕት ሰጠ።

እዚህ ላይ ሁለቱን ጨዋታዎች ጎን ለጎን ማስተያየት ያስፈልጋል። በፓሪስ የመጨረሻው ግንብ በ14ኛው ተራ ወጣ፤ ንግሥቲቱ በ16ኛው ተሠዋች። በኒው ዮርክ የመጨረሻው ግንብ በ16ኛው ተራ ወጣ፤ ንግሥቲቱ በ17ኛው ተሠዋች። የሞርፊ ንግሥት የምትሠዋው ሠራዊቱ ሁሉ ተሰልፎ ካለቀ በኋላ ነው። በፖልሰን በኩል ደግሞ ያ የታፈነው ጳጳስ በ28ኛው ተራ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቤት እንኳ አልተራመደም። ፖልሰን በጨዋታው መጀመሪያ ቆሞ በነበረበት ቤት ላይ ያለ ጳጳስ ይዞ ተሸነፈ ማለት ነው። ጠጠሩ በገበታው ላይ ይታያል እንጂ ለጦርነቱ እንዳልነበረ ይቈጠራል።

ከዚህ ጨዋታ ሌላም ትምህርት ይገኛል። ንግሥቲቱ ከተሠዋች በኋላ በ22ኛው ተራ ሞርፊ የተሻለውን መንገድ አላየም። ጳጳሱን መልሶ በማንቀሳቀስ ፈንታ ግንቡን ወደ ነጩ ንጉሥ አጠገብ ቢያስገባ ኖሮ በጥቂት ተራ ይገድል ነበር። ይህንን ስሕተት አንዳንዶች የሞርፊን ክብር ዝቅ ለማድረግ ይጠቅሱታል። ለእኛ ግን የሚመሰክረው ሌላ ነገር ነው። የሞርፊ ድል በአንዲት ቀጭን ክር ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ ክሩ በተበጠሰ ጊዜ ይወድቅ ነበር። ድሉ ግን አልወደቀም፤ አጭሩን መንገድ ቢስትም በረጅሙ ደረሰ። ሥርዐቱ አስቀድሞ ስለ ተሟላ ወደ ድሉ የሚወስደው መንገድ ከአንድ በላይ ነበረ። በድፍረት ብቻ የሚሠዋ ሰው እንዲህ ያለ ትርፍ መንገድ የለውም።

ይህንን ነገር የቀድሞውን የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው ፈጥኖ ይረዳዋል። በሰንጠረዥ የጨዋታው መጀመሪያ «ወረራ» ይባል ነበር። በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እየተመለከተ፣ ጠጠሮቻቸውን እንደ ወደዱ ያነሣሉ፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ በተራ መጫወት ይጀመራል። እንግዲህ በሰንጠረዥ ለመሰለፍ የሚያስፈልገው ጊዜ ለሁለቱም ያለ ቍጥር የተሰጠ ነበር። በአውሮፓው ቼዝ ግን ከመጀመሪያዋ እንቅስቃሴ ጀምሮ ተራ ይቈጠራል፤ በከንቱ ያለፈች አንዲት ተራ ለባላጋራ የተሰጠች ስጦታ ናት። የሞርፊን ጨዋታ በሰንጠረዥ ቋንቋ ብንገልጸው፣ እርሱ ወረራውን ጨርሶ ጦርነቱን ሲከፍት ባላጋራው ገና በወረራው አጋማሽ ላይ ነው። ሰንጠረዥ ተጫዋች የነበሩ አባቶቻችን ይህንን ቢያዩ በድፍረቱ ሳይሆን ጦርነቱን ለመክፈት በመረጠው ሰዓት ይደነቁ ነበር ብለን እናምናለን።

አሁን ሞርፊን በዘመኑ ከነበረው ከሌላው ታላቅ አጥቂ ጋር እናስተያየው። ጀርመናዊው አዶልፍ አንደርሰን በሙያው የሂሳብ መምህር ነበር። በ1851 ዓ.ም. በለንደን ከኪዜሪትስኪ ጋር ባደረገው ዝነኛ ጨዋታ አንድ ጳጳስ፣ ሁለቱን ግንቦችና ንግሥቱን ሠውቶ በቀሩት ትንንሽ ጠጠሮች ንጉሡን ገደለ። የማየት ኀይሉ ከሞርፊ ያንሳል የሚል ሰው ቢኖር ይህንን ጨዋታ ይመልከት። ታዲያ በታኅሣሥ 1858 ዓ.ም. በፓሪስ ሁለቱ ሲገናኙ ከ11 ጨዋታ ሞርፊ 7ቱን አሸነፈ፤ አንደርሰን 2ቱን አሸነፈ፤ 2ቱ በአቻ አለቁ። ልዩነቱ ከወዴት መጣ? ሪቻርድ ሬቲ የተባለው ሊቅ በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንዳስረዳው፣ የሞርፊ ብልጫ መሥዋዕትን አሻግሮ በማየት ላይ አልነበረም፤ በዚህ አንደርሰን አያንሰውም ነበር። ሞርፊ የበለጠው መሥዋዕቱ የሚሠምርበትን ሁኔታ አስቀድሞ ማዘጋጀት በማወቁ ነው። አንደርሰን ዕድሉን ሲያገኝ ያበራል፤ ሞርፊ ዕድሉን ራሱ ይሠራዋል።

በዚህ ሐተታ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የሚከተለው ነው። «ሁሉም ነገር ሥርዐት ከሆነ፣ ጠጠርን ፈጥኖ ማውጣት ለማንም ተማሪ የሚነገር ምክር ነውና፣ የሞርፊ ልዩ ተሰጥዎ የቱ ላይ ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ምክሩን ማወቅና ምክሩን በፈተና ጊዜ መጠበቅ አንድ አይደለም የሚል ነው። በ8ኛው ተራ የሚበላ ወታደር ከፊቱ ተቀምጦ ሳለ ፈረሱን ማውጣት የ21 ዓመት ወጣት በቀላሉ የሚያደርገው አይደለም። ደግሞም ሞርፊ ለምክሩ ባሪያ አልነበረም። በኦፔራ ቤቱ ጨዋታ በ10ኛው ተራ ፈረሱን ሲሠዋ ሁለቱም ግንቦቹ ገና አልወጡም ነበር። ነገር ግን የባላጋራው ንጉሥ በመካከል ተገትሮ ስለ ነበር፣ ግንቡም በአንድ ተራ ሊደርስለት ስለሚችል፣ ሂሳቡ እንደሚበቃው ዐወቀ። ተሰጥዎው ያለው ስንት ተራ እንደሚበቃ በመመተር ላይ ነው።

ሌላም ወሰን መጥቀስ ይገባል። የሞርፊ ስልት ብርታቱን የሚያሳየው የመካከሉ ወታደሮች ተነሥተው መሥመሮቹ በተከፈቱ ጊዜ ነው። መካከሉ በወታደሮች በተቈለፈ ጨዋታ የአንድና የሁለት ተራ ብልጫ ወዲያው ፍሬ አይሰጥም። ከእርሱ በኋላ ዊልሄልም ሽታይኒትስ የተመራመረው በዚህ በኩል ነበር፤ ማጥቃት የሚገባው አስቀድሞ ብልጫ ላለው ብቻ እንደ ሆነ፣ ብልጫውም ጊዜ ብቻ ሳይሆን የወታደሮች አቋምና የደካማ ቤቶች ጕዳይ ጭምር መሆኑን አስተማረ። ስለዚህ ሞርፊ የቼዝን ነገር ሁሉ ፈጸመው ማለት ማጋነን ነው። ከፈጸመው ይልቅ የጀመረው ይበልጣል።

የጀመረው ነገር ለመዝለቁ አንድ ምስክር እንጥራ። በጥቅምት 1956 ዓ.ም. በዚያው በኒው ዮርክ ከተማ የ13 ዓመቱ ቦቢ ፊሸር ከዶናልድ በርን ጋር ተጫወተ። በዚህም ጨዋታ በ17ኛው ተራ ልጁ ንግሥቱን ለባላጋራው ተወለት። ጋዜጦችና መጽሔቶች ይህን ተራ በዓለም ዙሪያ አስተጋቡት። የእኛን ዘዴ ተከትለን ወደ ኋላ ብንቈጥር ግን ያንኑ ታሪክ እናገኛለን። በርን በመጀመሪያዎቹ 11 ተራዎች ውስጥ ንግሥቱን ሦስት ጊዜ፣ አንዱን ጳጳሱን ሁለት ጊዜ አንቀሳቅሷል፤ ንጉሡ በመካከል ቆሟል፤ በንጉሡ በኩል ያሉት ጳጳሱና ግንቡ አልተነሡም። ፊሸር ግን ንጉሡን በ4ኛው ተራ አስጠልሎ ነበር። በሞርፊና በፖልሰን ጨዋታና በዚህ ጨዋታ መካከል 99 ዓመታት አልፈዋል፤ የቼዝ ዕውቀትም እጅግ ሰፍቷል፤ የሂሳቡ መሠረት ግን አልተለወጠም።

እንግዲህ ከተባለው ሁሉ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። የሞርፊ መሥዋዕት ውብ ነው፤ ውበቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን መሥዋዕቱ የሥራው መደምደሚያ እንጂ ምንጩ አይደለም። በሥራ ላይ ያልዋለ የባላጋራ ጠጠር ባለበት ሁሉ፣ ሞርፊ ያቀረበው መሥዋዕት በመልኩ ትልቅ፣ በዋጋው ትንሽ ነው። በፓሪስ የተሠዋችው ንግሥት ዋጋ ስትከፍል ባላጋራው አንድ ግንብና አንድ ጳጳስ እንደሌሉት ሆኖ ይጫወት ነበር። ይህንን የማይቈጥር አድናቂ የከፈለውን እንጂ የተቀበለውን አያይም፤ ስለዚህም ትርፉን ድፍረት ብሎ ይጠራዋል።

የወጣትን ተሰጥዎ ስናመሰግን የምንመርጠው ቃል ቀላል ነገር አይደለም። «ተአምር ነው» ብለን ስናልፍ ልጁን ያከበርነው ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን ሥራውን ነሥተን ለዕድል ሰጥተንበታል፤ ከእርሱ ለመማር የሚፈልጉትንም ከበሩ መልሰናቸዋል። ስለዚህ የሞርፊን ጨዋታ የሚያነብ ሁሉ አንድ ቀላል ልምድ እንዲይዝ እንመክራለን። ወደ መሥዋዕቱ ተራ ሲደርስ ወዲያው አይለፈው። መልሱን በእጁ ሸፍኖ በሁለቱም ወገን ከቤታቸው ያልወጡትን ጠጠሮች ይቍጠር። ከዚያም ስንት ተራ ወደ ኋላ ሲመለስ ያ ቍጥር መለያየት እንደ ጀመረ ይፈልግ። የሞርፊ ጥቃት የተጀመረው በዚያ ተራ ላይ ነው፤ መጻሕፍቱም ብዙ ጊዜ በዚያ ተራ ጎን ምንም ምልክት አላኖሩበትም።